ሃያኛው ኩለር

«በዚህ ብርድ አገር ለኮምፒውተር ማቀዝቀዣ?» አለና አለቃዬ ሳቀብኝ። «ሰው ማሞቂያ አጥቶ ጋቢ ደርቦ ይሠራል፣ አንተ ለቆርቆሮ ማቀዝቀዣ ግዙ ትለናለህ!»

ስብሰባው በሙሉ አብሮት ሳቀ። ቦታው ደብረ ማርቆስ፣ ወሩ ኅዳር ነው፤ ጠዋት ቢሮ ስንገባ ከአፋችን እንፋሎት ይወጣል፣ የግቢው ሣር ላይ አመዳይ ይታያል። እኔን ግን ምኑም አላሳቀኝም። ደሜ ፈላ።

ሚሊኒየሙን ካከበርን ጥቂት ወራት ቢሆነን ነው። እኔ የመሥሪያ ቤቱ ብቸኛ የኮምፒውተር ጥገና ሠራተኛ ነበርሁ፤ ሃያ ኮምፒውተር፣ አንድ ካቻቢቴ፣ አንድ ብሩሽ። ኮምፒውተሮቹ ሌላ ቦታ አገልግለው የደከሙ፣ ማራገቢያ ፋናቸው በአቧራ የታነቀ ነበሩ። ነገሩ ቀላል ነው። ፕሮሰሰር የሚሉት የኮምፒውተሩ አንጎል ሲሠራ ይግላል፤ የዚያ ዘመኖቹ ደግሞ እንደ ካውያ ነው የሚግሉት። በላዩ ላይ የሚቀመጥ ኩለር አለ፤ ከሥሩ ልሙጥ የብረት ሰሌዳ፣ ከዚያ በላይ ስስ የብረት ክንፎች፣ ከጫፉ ፋን። ሰሌዳው ሙቀቱን ይቀበላል፣ ፋኑ ያባርረዋል። ኩለሩ ከደከመ ኮምፒውተሩ ራሱን ለማዳን ድርግም ይላል፤ ያልተቀመጠ ጽሑፍ ካለ አብሮ ይጠፋል። ብርዱ ውጭ ነው እንጂ ቆርቆሮው ውስጥ ብርድ የለም! እንዲያውም እንደኛ ባለ ደጋ አየሩ ስስ ስለሆነ ፋኑ የሚገፋው ያንሳል ብዬ ሳስረዳ፣ አለቃዬ «ይኼን ሁሉ ስንዴ የሚያበቅል አየር ነው ስስ የምትለው?» አለና እንደገና አሳቀብኝ።

በዚያ ስብሰባ ያልሳቀች አንድ ሰው ብቻ ነበረች፤ ቃለ ጉባኤ የምትይዘው ጸሐፊያችን። በአሥራ አምስት ዓመት ትበልጠኛለች፣ «እትዬ» እላት ነበር። ከታይፕራይተር ዘመን ጀምሮ ያንን ወንበር ይዛ የቆየች፣ ፊደሉን ሳታይ የምትመታ፣ አንድ ነጥብ ከቦታው ቢዘል ገጹን በሙሉ ደግማ የምትጽፍ ሴት ነች። ስብሰባው ሲበተን ቢሮዋ ጠራችኝና እጇን ኮምፒውተሩ ላይ አድርጋ «እኔስ አምንሃለሁ፤ ከሰዓት በኋላ ይኼ ነገር ትኩሳት ይይዘዋል» አለችኝ። እጇ ያረፈው እናቷ በሠሩላት ዳንቴል ላይ ነበር፤ ነጭ፣ ዳር ዳሩ ወይን ጠጅ። ያን ጊዜ ዳንቴል ያልለበሰ ኮምፒውተር መሥሪያ ቤታችን ውስጥ አልነበረም።

እናቷ ያንን ዳንቴል ከጨረሱ በኋላ አልጋ ላይ ወደቁ። ከእሷ ሌላ የሚያያቸው ሰው አልነበራቸውም። ስድስት ሰዓት ሲሞላ ጸሐፊያችን ጃንጥላዋን ይዛ እየሮጠች ቤቷ ትሄዳለች፣ እናቷን ታገላብጣለች፣ ታጎርሳለች፣ ከሰዓት ሥራ ሳይጀመር ትመለሳለች። ቤቷ የአሥር ደቂቃ መንገድ ነው። ሹመት አልጠየቀች፣ ስልጠና አልጠየቀች፤ እናቷ እስኪያርፉ ድረስ ከዚያ ወንበር እንዳትነሳ ብቻ ነበር ጸሎቷ። ይኼን መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ያውቅ ነበር። እኔም አውቅ ነበር።

ከስንት ጭቅጭቅ በኋላ ግዥው ተፈቀደና ሁለት ዓይነት ናሙና ከአዲስ አበባ መጣ። እኔ ሞክሬ የተሻለውን እንድመርጥ ታዘዝሁ። አንደኛው ኩለር ድንክ፣ ፋኑ እንደ ወፍጮ ቤት የሚጮህ ነው። ሁለተኛው ረጅም፣ ሰሌዳው መዳብ፣ ፋኑ ሰፊና ዝምተኛ። ሙከራው በጸሐፊያችን ኮምፒውተር ላይ እንዲሆን ተወሰነ፤ ቢሮዋ ከአለቃው በር ፊት ለፊት ስለሆነ የግዥ ኮሚቴው ቆሞ እንዲያይ።

የንብረት ክፍል ኃላፊውም መጡ። በልጅነታቸው ቅኔ ቤት የነበሩ፣ ንግግር የሚያምርባቸው፣ አንዲት መርፌ ሳትመዘገብ ደጃቸውን የማታልፍ ሽማግሌ ናቸው። «ያልተቆጠረ ንብረት ያልተጠመቀ ልጅ ማለት ነው» ይሉ ነበር። ከሁለቱም ኩለሮች ሰሌዳ ሥር ስስ ጥርት ያለ ላስቲክ ተለጥፏል፤ ሰሌዳው እንዳይጫር ነው፣ ከመግጠም በፊት ይላጣል። ልልጠው ጥፍሬን ስሰድ «እጅህን ሰብስብ!» ብለው ጮሁብኝ።

«ምን አጠፋሁ?»

«ይኼ ገና የንብረት ገቢ ደረሰኙ፣ ሞዴል አሥራ ዘጠኝ፣ ያልተቆረጠለት የሰው ንብረት ነው። ነገ ባይመረጥ፣ ላስቲኩ ተገሽልጦ በምን አፌ ነው የምመልሰው? እንዳለ ሞክረው።»

እረ በስመ አብ! የእኛ ሰውና ላስቲክ! የቴሌቪዥን ሪሞት ከነላስቲኩ ነው የሚያረጀው። የአለቃዬ ወንበር ከተገዛ አራት ዓመቱ ነው፣ ቁጭ ባለ ቁጥር ላስቲኩ ይንኮሻኮሻል። የሉማሜ ሚኒባስ ውስጥ ብትገባ ወንበሩን የሸፈነው ላስቲክ ተቀዳዶ ቂጥህን ይቧጥጥሃል እንጂ አይነሳም። ላስቲኩ ከተነሳ ዕቃው አሮጌ ሆነ ማለት ነው፤ ማን ይደፍራል? እኔስ ብሆን? የሞባይሌን መስታወት ላስቲክ ዓመት ሙሉ አልላጥሁትም፣ እንደ ቆዳ እየተላጠ በራሱ ጊዜ ነው የወደቀው።

ጮኽሁባቸው። «ላስቲክ በመሀል እያለ ሙቀት በየት በኩል ያልፋል?» አልሁ። ፈቀቅ አላሉም፤ ሞዴላቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ቆሙ። ኮሚቴው ሰዓቱን ማየት ጀመረ። እኔም እየተንጨረጨርሁ ራሴን አሳመንሁ፤ ሁለቱም እኩል ላስቲክ ካላቸው ውድድሩ አይበላሽም፣ ለግማሽ ሰዓት ነው፣ የተመረጠውን በኋላ ልጬ፣ ሰሌዳው ሥር የሚቀባውን ነጭ ቅባት ቀብቼ በደንብ እገጥመዋለሁ አልሁ። የሚገርመው እውነቴን ነበር።

ድንኩን አስቀደምሁ። ኮምፒውተሩ ሲነሳ የሚያሳየውን የሙቀት ቁጥር በየአምስት ደቂቃው እያነበብሁ ጸሐፊያችን ትመዘግብልኛለች። ሃምሳ ስምንት ላይ ደረሰ፣ ጩኸቱም አለቃዬን ከቢሮው አስወጣው። ረጅሙን ገጠምሁ። አርባ ስድስት ላይ ቆመ፤ ፋኑ መዞሩን ለማወቅ ጣት መስደድ ያስፈልግ ነበር። ብርዳማ ጠዋት ነው፣ ማሽኑ ምንም ሥራ አልያዘም፣ ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው፤ ይኼን ሁሉ ዘንግቼ «አላልኋችሁም!» እያልሁ ደረቴን ነፋሁ። ኮሚቴው እዚያው ቆሞ አጸደቀ። በዚያው ቅጽበት መብራት ሄደ። ሁሉም ወደ ምሳው ሲበተን እኔም የኮምፒውተሩን ክዳን መልሼ በአራት ቡሎን አሰርሁና ወጣሁ።

ከሰዓት በኋላ መብራት ሲመጣ ሁለት ገጽ የግምገማ ሪፖርት ጻፍሁ፤ ስለ መዳቡ፣ ስለ ፋኑ ጸጥታ፣ ስለ ክንፎቹ አደራደር። ጸሐፊያችን ተየበችው። «እንዴት ያለ ጽሑፍ ነው፣ ለሰው እንኳ እንዲህ አይመሰከርለትም» ብላ ሳቀችብኝ፣ ደስ አለኝ።

ከወር በኋላ አሥራ ዘጠኝ ኩለር መጣ። ሃያኛው ያው ናሙናው ነው፣ የጸሐፊያችን ኮምፒውተር ውስጥ አለ፤ ዝርዝሩም ላይ «ተገጥሟል» ተብሏል። አሥራ ዘጠኙን ላስቲካቸውን እየላጥሁ፣ ቅባት እየቀባሁ በሦስት ቀን ገጠምሁ። ንዴቴ ስላልወጣልኝ የላጥሁትን ላስቲክ ሰብስቤ የንብረት ክፍሉ ኃላፊ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍሁላቸው።

«ይኸውልዎ ላስቲክዎ! ይቁጠሩት!»

መነጽራቸውን አደረጉና ቆጠሩት፤ እግዜር ያሳያችሁ፣ አንድ በአንድ። «አሥራ ዘጠኝ» አሉ። ከት ብዬ ስቄባቸው ወጣሁ።

መጋቢት ገባና ፀሐዩ ጠና። አሥራ ዘጠኙ ኮምፒውተር ሰጥ ለጥ ብሎ ይሠራል፤ የጸሐፊያችን ግን ከሰዓት በኋላ ድርግም ይላል። ጠራችኝ። መጣሁ፣ ክዳኑን ከፈትሁ፣ ፋኑ ይዞራል፣ አቧራ የለም። «ደህና ነው» ብዬ ሄድሁ። በሳምንቱ ጠራችኝ። እንደዚያው። በሦስተኛው ላይ ዓይኔ ዳንቴሉ ላይ አረፈ።

እንግዲህ ይኼን ስናገር ዛሬም ጥርሴን እነክሳለሁ። ዳንቴሉን ከኮምፒውተሩ ላይ መንጭቄ አነሳሁት። በሩ ክፍት ነው፣ ኮሪደሩ ላይ ሰው አለ፤ ከፍ አድርጌ እያሳየሁ «ይኸው ገዳዩ! በጨርቅ አንቀሽ እየገደልሽው እኔን ታመላልሺኛለሽ?» አልኋት። እሷ ዳንቴሉን ከእጄ ተቀብላ አጠፈችና መሳቢያዋ ውስጥ አስቀመጠችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ኮምፒውተሩን አልብሳው አታውቅም። ማሽኑ ግን መጥፋቱን አልተወም። ይኼን ነገረችኝ፤ አላመንኋትም። ማታ ማታ መልሰሽ ታለብሺዋለሽ አልኋት።

በዚያ ሰሞን ድልድል የሚባል መዓት መጣ። ሠራተኛው በሙሉ እንደ አዲስ ተመዝኖ ቦታ ይሰጠዋል፤ ነጥብ ያነሰው ወደ ወረዳ ይጣላል። የሠራተኛውን ዝርዝር የምትተይበው ጸሐፊያችን ነች። ዝርዝሩ ሊላክ ሦስት ቀን ሲቀረው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ኮምፒውተሩ ድርግም አለ። ከዚያ በኋላ አልተነሳም። በየቀኑ እየጠፋ የዛለው ዲስክ የያዘውን ይዞ ሞተ፤ የሁለት ወር ሥራ።

አለቃዬ አበደ። «ንብረትም ሥራም አጥፍታለች» ተባለና ጉዳዩ ለኮሚቴ ተመራ። ኮሚቴው ደግሞ የባለሙያ ቃል ጠየቀ፤ ጥፋቱ የኩለሩ ነው ወይስ የተጠቃሚዋ? የኩለሩ ከሆነ እሷ ነጻ ነች። የእሷ ከሆነ ግን ፋይሏ ላይ ይጻፋል፣ ነጥቧ ይወርዳል፣ ወረዳ ትሄዳለች። እናቷን ማን እንደሚያጎርሳቸው ማንም አልጠየቀም።

ኮሚቴው ፊት ቆማ የተናገረችውን አልረሳውም። «ዳንቴል ያላለበሰ ማን አለ? የሁሉም ይሠራል፣ የእኔው ብቻ ለምን ይሞታል?» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «ወንድሜ፣ የሌሎቹን ቆይተህ ነው የገጠምህ። የእኔ ግን የመጀመሪያው ቀን እንደተገጠመ ነው። እባክህ ኩለሩን ፍታልኝና ከሥሩ እየው።»

ፍታልኝ። ይችን ብቻ ነው የለመነችኝ። አራት ቡሎን፣ ሁለት መቆለፊያ፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። እኔ ግን ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ። በኮሚቴ ፊት፣ እኔ የገጠምሁትን፣ እኔ የመረጥሁትን፣ ሁለት ገጽ የጻፍሁለትን ኩለር! «ካቻቢቴ ይዘሽ አታውቂ፣ ሥራዬን ልታስተምሪኝ ነው?» አልኋት። «የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች» ብዬ ተረትሁባት። ኮሚቴው ሳቀ። በእኔ ስቆ የነበረው ያው ስብሰባ ዛሬ አብሮኝ ሲስቅ ደስ ማለቱን አልደብቅም።

ይልቅ ሌላ ሙከራ አደረግሁ። የእሷ ማሽን በኤግዚቢትነት ታሽጎ ግምጃ ቤት ገብቷልና፣ ዳንቴሏን ተቀብዬ የራሴን ክፍል ኮምፒውተር አለበስሁት። ሙቀቱ በአራት ዲግሪ ጨመረ። አራት! በአራት ዲግሪ ኮምፒውተር አይሞትም፤ ይኼን ጥቂት የቀለም ትምህርት የዘለቀው ሰው ሁሉ ያውቃል። ሪፖርቴ ላይ ግን «መሸፈኛው ሙቀት መጨመሩ በሙከራ ተረጋግጧል» ብዬ ጻፍሁ። «ኩለሩ ጥራቱን የጠበቀ ነው» አልሁ። መዝጊያውን ደግሞ እንዲህ አሳመርሁት፤ «ማሽኑ በቂ አየር ማግኘቱን ማረጋገጥ የተጠቃሚው ግዴታ ነው።»

ሮብ ገበያ የምትባል ከተማ ደረሳት፤ የወረዳው መዝገብ ቤት። ከጮቄ ተራራ ሥር፣ ደብረ ማርቆስ ብርድ ነው የሚል ሰው አፉን የሚዘጋበት አገር። መኪና በተገኘ ቀን ሁለት ሰዓት ገደማ መንገድ ነው፤ ክረምት ከሆነ ጭቃው እንዳለ ነው። ተተኪ ስላልመጣ የዝውውር ደብዳቤዋን የተየበችው ራሷ ነች። በሌላ ሰው ኮምፒውተር ቁጭ ብላ የገዛ ስሟን ጽፋ፣ አትማ፣ ለፊርማ ወደ አለቃው አስገባች። አንድ ነጥብ ከቦታው አልዘለለም።

እናቷን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ ሄደች። ዓርብ ማታ ትመጣለች፣ እሑድ ትመለሳለች። እናቷ ያረፉት በሁለተኛው ዓመት ማክሰኞ ቀን ነው። መርዶው ደርሷት መኪና እስክታገኝ ሌላ ቀን ነጋ፤ ስትደርስ ተቀብረዋል። ለቅሶ ሄጄ ድንኳኑ ውስጥ ንፍሮ ዘግኜ ተቀመጥሁ። «እግዜር ያጥናሽ» አልኋት። «አሜን» አለችኝ።

ዓመታት ሄዱ። አዳዲስ ኮምፒውተሮች መጡና አሮጌዎቹ እንዲወገዱ ተወሰነ። ከማስወገዱ በፊት የሚያገለግል ዕቃ ካለ ነቅለህ አስቀር ተባልሁ። ግምጃ ቤት ገብቼ አንድ በአንድ ስፈታ የእሷ ማሽን እጄ ገባ፤ የኮሚቴው እሽግ ከነማኅተሙ እንዳለ ነው። ቀደድሁት። አራቱን ቡሎን ፈታሁ። መቆለፊያዎቹን አላቅቄ ረጅሙን ኩለር ነቀልሁና ገለበጥሁት።

ላስቲኩ አለ። ጠርዙ ተጨማዶ፣ መሀሉ እንደ ሻይ ጠቁሮ፣ ፕሮሰሰሩ ያረፈበት ቦታ አራት ማዕዘን አውጥቶ እዚያው መዳቡ ላይ ተጣብቋል። ቀይ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለበት፤ ከመጠቀምዎ በፊት ይላጡ ይላል። ቅባት የሚባል ነገር አልነካውም።

ካቻቢቴውን ግድግዳው ላይ ወረወርሁት። የተከመረውን ኮምፒውተር በእግሬ ጠለዝሁት። ማንን እንደምሰድብ ግራ ገብቶኝ መጀመሪያ የተሳደብሁት የንብረት ክፍል ኃላፊውን ነው፤ ጡረታ ወጥተው ደብረ ወርቅ አገራቸው ገብተዋል፣ ምን አገባቸው? «አሥራ ዘጠኝ» ብለውኝ ነበር። ሰውየው በትክክል ቆጥረዋል። ኮምፒውተሩ ሃያ መሆኑን እያወቅሁ ቆጠራቸው ላይ የሳቅሁት እኔ ነኝ። መብራት ቢሄድ፣ ኮሚቴው ቢያጣድፍ፣ ሽማግሌው ቢከለክሉ፣ «ፍታልኝ» ስባል የከለከለኝ ማን ነበር? ማንም።

ጥፋቱ የእሷ እንዳልነበር የሚገልጽ ደብዳቤ ለመሥሪያ ቤቱ ጻፍሁ። አልፈረምሁበትም። ላስቲኩን ከመዳቡ ላይ ልጬ በጋዜጣ ጠቀለልሁትና ሁለቱን ኪሴ ውስጥ ይዤ ወደ ሮብ ገበያ ተሳፈርሁ።

መዝገብ ቤቱን ከፍቼ ስገባ ነፋስ ፊቴን መታኝ። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። ከጮቄ የሚወርደው ብርድ እንዳለ ይገባል፣ መደርደሪያው ላይ ያሉት ወረቀቶች ድንጋይ ተጭኗቸዋል። እሷ መስኮቱ ሥር ጋቢ ደርባ፣ የሹራብ ኮፍያ አድርጋ፣ ጣቶቹ የተቆረጡ ጓንት አጥልቃ ትተይባለች። ጣቶቿ አብጠው ተሰነጣጥቀዋል። ከኮምፒውተሩ ላይ ምንም አልተደረበም። ሌላኛው ጠረጴዛ ባዶ ነው፤ ባልደረባዋ ብርዱን አልችልም ብሎ ሌላ ክፍል እንደገባ በኋላ ነገረችኝ።

«ምነው እትዬ፣ በዚህ ብርድ?» ብዬ መስኮቱን ልዘጋ እጄን ዘረጋሁ።

«ተው! ተው! ይግላል!» ብላ ብድግ አለች። «ማሽኑ በቂ አየር ማግኘቱን ማረጋገጥ የተጠቃሚው ግዴታ ነው፤ ብለህ ጽፈህ የለ?»

ቃል በቃል። ሽሙጥ ቢኖርበት በወደድሁ ነበር፤ አልነበረበትም። ሪፖርቴን አምናው ነበር። እናቴን የተለየሁት በገዛ ዳንቴሌ ነው ብላ፣ ስድስት ዓመት ሙሉ ያ እንዳይደገም መስኮት ከፍታ ሲበርዳት ኖራለች።

የባልደረባዋ ባዶ ወንበር ላይ ተቀመጥሁ። ጋዜጣውን ፈትቼ ላስቲኩን ሰጠኋት። የት እንዳገኘሁት፣ ምን እንደሠራ፣ ማን እንደረሳው አንድም ሳላስቀር ነገርኋት። ወደ ብርሃኑ አንስታ አየችው። ቀዩን ጽሑፍ በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። ዳንቴሉስ አለች። ዳንቴሉ ምንም አላደረገም አልኋት።

«ታዲያ ይኼን ለእኔ ምን ታሳየኛለህ?» አለችኝ። «ለፋይሌ አሳየው።»

ደብዳቤውን ከኪሴ አውጥቼ ሰጠኋት። እንደ ድሮዋ እስክሪብቶ ይዛ አነበበችው። «በወቅቱ በተፈጠረ የቴክኒክ ክፍተት ምክንያት» የሚለው ላይ ስትደርስ ቆመች።

«ክፍተት የሚባል ሰው የለም። ማነው የገጠመው?»

«እኔ።»

«እንደሱ በላ!»

ወንበሯን ስባ ወደ ኮምፒውተሩ ዞረች። በነዚያ ባበጡ ጣቶቿ፣ ፊደሉን ሳታይ መምታት ጀመረች። የገጠምሁት እኔ ነኝ። ላስቲኩን ያላነሳሁት እኔ ነኝ። ከዚያ እኔ ያልጻፍሁትን አንድ መስመር ከራሷ ጨመረች፤ ፍቺልኝ ብላ ስትለምነኝ ያልፈታሁትም እኔ ነኝ። ደግማ ስታነበው ስህተት አገኘችበት፤ «ፍቺልኝ» የሚለውን አጥፍታ «ፍታልኝ» ብላ አስተካከለች። እንዲህ ስትሳሳት ያየኋት ያን ቀን ብቻ ነው። አትማ ፊቴ አስቀመጠችው።

«ፈርም።»

ፈረምሁ። ወረቀቱን ተቀብላ ፊርማዬን አየች፣ ላስቲኩን ከሥሩ በስቴፕለር አያያዘችው፣ ፖስታ ውስጥ ከታ መሳቢያዋን ቆለፈችበት። ከዚያ ተነሳችና የመስኮቱን መዝጊያ በሁለት እጇ ሳበችው። መቀርቀሪያው ዝጎ ኖሮ እንቢ አላት። ላግዛት ስጠጋ «አንተ ተው!» አለችኝና ራሷ በቡጢ መትታ አስገባችው።